ቤቱን ተሸክሞ የመጣ እንግዳ

 

የዛሬው ጉዳያችን አንድ መኪና ነው። መኪና ብቻ ማለትም ያስቸግራል፤ ቤት የተሸከመ መኪና ብንለው ይቀርባል። አሜሪካኖቹ ትራክ ካምፐር ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ትልቅ ፒክአፕ ይወሰድና ጀርባው ላይ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው አንድ ክፍል ይጫንበታል። ክፍሉ የራሱ አራት እግሮች አሉት። ካሰኛችሁ በእግሮቹ አቁማችሁት፣ ፒክአፑን ከሥሩ አውጥታችሁ ዳቦ ልትገዙ ትሄዳላችሁ። ስትመለሱ ቤታችሁ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ብልሃቱ ደስ ይላል። ደስ አይልም የሚል ካለ እኛ የለንበትም።

ደስ የማይለው ይህ ቤት ውቅያኖስ ተሻግሮ አውሮፓ ሲገባ የሚሆነው ነው። ከአሜሪካ ወደብ መርከብ ላይ ይጫንና ብሬመርሃቨን ወይም አንትወርፐን ይራገፋል። ቱሪስት ከሆነ እስከ 6 ወር ያለ ቀረጥ ይዞት መዞር ይችላል። እዚያው የሚኖር ሰው ገዝቶ ካስመጣው ደግሞ ሊብሬ አውጥቶ፣ ታርጋ ለጥፎ ይነዳዋል። ከዚያ በኋላ ጉዱ ይጀምራል።

"ለመሆኑ እናንተን ምን አገባችሁ?" የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ፍራንክፈርት፣ ሮም ወይም ለንደን የምትኖሩ አንባቢዎቻችን በዚያው መንገድ ዳር ልጅ በጋሪ ትገፋላችሁ፣ በዚያው መንገድ ሳይክል ትነዳላችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣትም ስንት ሰዓት ተምራችሁ ስንት ብር ከስክሳችኋል። ደግሞም መንገድ የሚለካው በማን ልክ ነው የሚለው ጥያቄ የአውሮፓ ብቻ አይደለም።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። እንግዳው ይምጣ፤ ነገር ግን በመንገዱ ልክ ይምጣ። ይመዘን፣ ነጂው ይፈተን፣ ለጭነት መኪና የተከለከለበት ሁሉ ይከልከል። መንገዱ ለእሱ ይስፋ፣ ሕጉም ለእሱ ይላላ የሚለውን ግን አንቀበልም።

በወረቀት ላይ ይገባል

እስቲ በስፋቱ እንጀምር፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና። ለትልቅ ካምፐር የሚመረጠው ፎርድ ኤፍ-350 ዓይነት ፒክአፕ ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው ሲሆን ወገቡ 2.44 ሜትር ያህል ይሰፋል። ስፖኪዮው ሲዘረጋ ደግሞ 2.70 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ርዝመቱ ባለ አራት በርና ረጅም ጀርባ ከሆነ ወደ 6.80 ሜትር ይጠጋል። ክፍሉ ሲጫንበት ቁመቱ 3.5 ሜትርን ያልፋል።

የአውሮፓ ሕግ ምን ይላል? ተሽከርካሪ እስከ 2.55 ሜትር ድረስ እንዲሰፋ፣ እስከ 4 ሜትር ድረስም እንዲረዝም ይፈቅዳል፤ ስፖኪዮም ከስፋቱ አይቆጠርም። ስለዚህ የእኛ እንግዳ በወረቀት ላይ ይገባል። ሕግ አልጣሰም። ባለቤቶቹም ይህን እየጠቀሱ "እንዲያውም ከአውቶቡስ እንጠባለን" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ነገር ግን 2.55 ሜትር የሚለው ቁጥር የተጻፈው ለአውቶቡስና ለከባድ መኪና ነው። አውቶቡስ መንገዱን ያውቃል፤ ሰኞም ማክሰኞም በዚያው ይመላለሳል። ከባድ መኪና ከመጋዘን ወደ መጋዘን በሰፊው አውራ ጎዳና ይሄዳል። ካምፐር ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። የእሱ ሐሳብ ተራራው ጫፍ ላይ ያለችው መንደር፣ ባሕሩ ዳር ያለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ የድንጋይ ቅስት ያለው የድሮ ከተማ ነው። ሕጉ ለአውራ ጎዳና የሰጠውን ስፋት ይዞ በቅሎ ወደምታልፍበት መንገድ ይገባል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አካባቢው የራሱን ልክ ያወጣል። ጀርመን ውስጥ አውራ ጎዳና ሲጠገን የግራው መስመር ይጠብና "ከ2 ሜትር በላይ የሰፋ አይለፍ" ወይም "ከ2.10 በላይ አይለፍ" የሚል ምልክት ይተከላል። እዚያ ላይ የሚለካው ከነስፖኪዮው ነው። እንግሊዝ አገር ዋትፎርድ ውስጥ ዉድሚር አቬኑ የሚባል መንገድ አለ፤ ሰፊ መኪና እንዳያልፍ በግራና በቀኝ ብረት ተተክሎበታል። በአግባቡ የሚያልፉ ትንንሽ መኪኖች እንኳን ጎናቸውን እየላጡ ዝነኛ አድርገውታል። ጣሊያን አማልፊ ባሕር ዳርቻ ያለው የተራራ መንገድ ደግሞ ካምፐሮችን ቀን ቀን አያስገባም። የጣሊያን ከተሞች መሃል ለመኪና የተከለከለ ቀጠና አለ፤ በካሜራ ይጠበቃል፤ ቅጣቱም ወራት ቆይቶ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

እነዚህን ክልከላዎች "የፈረንጅ ጠባብነት" ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኛ እንደዚያ አናየውም። መንደሩ ከመኪናው በፊት ነበር። ቅስቱን የሠሩት ሰዎች በአህያ ልክ ሠርተውታል፤ ዛሬ የሚኖሩበት ልጆቻቸው ደግሞ ቤታቸውን ለማስፋት ፈቃድ አያገኙም። እነሱ ግድግዳቸውን መንካት ሳይፈቀድላቸው እንግዳው በፓራውልቱ ቢነካው ተገቢ ነው?

ትልቁ ጉዳይ ሚዛኑ ላይ ነው

ስፋት በዓይን ይታያል፤ ክብደት ግን ይደበቃል። ዋናው ክርክራችንም እዚህ ላይ ነው።

አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚይዘው ተራው የመንጃ ፈቃድ፣ ማለትም "ቢ" የሚባለው፣ እስከ 3,500 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት የተፈቀደለትን ተሽከርካሪ ያስነዳል። በመላው አውሮፓ በየካምፑ የምታዩት በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራ ካምፐር ከዚህ ቁጥር በታች ለመሆን ግራም በግራም ተቆጥሮ የተሠራ ነው።

አሁን የእኛን እንግዳ ሚዛን ላይ እናውጣው። መንታ ጎማ ያለው ናፍጣ ኤፍ-350 ባዶውን፣ ምንም ሳይጫንበት፣ 3,500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልብ በሉ፤ የተራ መንጃ ፈቃድ ድርሻውን መኪናው ብቻውን በልቶ ጨርሶታል። ትልቅ ካምፐር ደግሞ ባዶውን 1,800 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ውሃ፣ ጋዝ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ሳይክልና ሰው ሲጨመር 6 ቶን አካባቢ እንገባለን። ዱካቶው ሊፈቀድለት ከሚችለው እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? አገር ቤት ላለችሁ እንዲታያችሁ፣ ጭነት የያዘ አይሱዙ አስቡ። ያንን አይሱዙ አንድ ጡረተኛ በነጠላ ጫማ ሆኖ ከሚስቱ ጋር ለሽርሽር ይዞት ሲወጣ ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ችግር አይደለም። እዚያ የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው ከ26,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ11.8 ቶን ገደማ በላይ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች በተራው መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ለዚህም ነው ሰውዬው ስድስት ቶን እየነዳ "መኪናዬ" የሚለው። አውሮፓ ግን መስመሩን ሌላ ቦታ አስምሯል፤ ከ3.5 ቶን በላይ "ሲ-1" የሚባል የተለየ ፈቃድ፣ ከተለየ ፈተናና ከሕክምና ምርመራ ጋር ይጠይቃል።

ከ3.5 ቶን በላይ መሆን የሚያመጣው ይህን ብቻ አይደለም። ኦስትሪያ ውስጥ ተራ መኪና የመስታወት ቪኞት ለጥፎ ሲያልፍ እሱ ጎ-ቦክስ የምትባል ሣጥን ገጥሞ በየኪሎ ሜትሩ ይከፍላል። ፈረንሳይ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ "ሹፌሩ አያያችሁም" የሚል ማስጠንቀቂያ በጎንና በኋላ መለጠፍ አለበት፤ የመንገድ ክፍያውም ከፍ ይላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልን።) ጀርመን ውስጥ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለ። ከ3.5 ቶን በላይ የሆነው ተሽከርካሪ ሊብሬው ላይ "የመኖሪያ መኪና" ተብሎ ከተጻፈ በአውራ ጎዳና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይነዳል። "የጭነት መኪና" ከተባለና ክፍሉ እንደ ጭነት ከተቆጠረ ግን 80 ነው። ያው ጎማ፣ ያው ፍሬን፣ ያው ሰውዬ!

ቁጥሮቹ አንዳንዴ ቢያስቁም መነሻቸው ቀልድ አይደለም። ስድስት ቶን በሚሄድበት ፍጥነት ላይ ሲመታ፣ አንድ ቶን የምትመዝን ትንሽ ፊያት በዚያው ፍጥነት ከምትመታው ስድስት እጥፍ ጉልበት ይዞ ነው። ቁልቁለት ላይ ያንን ጉልበት ፍሬኑ መዋጥ አለበት። የአልፕስ ተራሮች ቁልቁለት ደግሞ ማርሽ መቀነስን ሳይማር ፍሬን ላይ ለሚቆም ሰው ምሕረት የለውም። መንገዱም ቢሆን የራሱ ሒሳብ አለው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ ባደረጉት ትልቅ ሙከራ እንደታየው አንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን አስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። አውራ ጎዳናውን ለሚፈጩት ባለ 40 ቶን መኪኖች የእኛ እንግዳ ምናቸውም አይደለም፤ ለመንደር መንገድ ግን ነው።

አባት ይነዳዋል፣ ልጅ ይፈተናል

እኛ ወጣቶች ስለሆንን ይህቺን ሳንናገር አናልፍም። ጀርመን ውስጥ ከ1999 በፊት የድሮውን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 7.5 ቶን መንዳት ይችላል። እንግሊዝም ከ1997 በፊት ላወጡት እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣነው ግን 3.5 ቶን ላይ እንቆማለን። ስለዚህ ዛሬ ግዙፉን ካምፐር ያለ ፈተና እየነዳ የምታዩት ባብዛኛው በዕድሜ የገፋው ነው። ዓይኑ የደከመው፣ አንገቱ እንደ ልብ የማይዞርለት ሰው በአንድ ወቅት በትንሽ ፎልክስዋገን ተፈትኖ ባገኘው ወረቀት ስድስት ቶን ይነዳል። የ25 ዓመቷ ሹፌር ግን ለዚያው መኪና ትፈተናለች።

እኛ የምንጠይቀው ለወጣቱም እንደ አባቱ ይላላለት ብለን አይደለም። ተቃራኒውን ነው። ከ3.5 ቶን በላይ የሚነዳ ሁሉ፣ ሽበት ይኑረው አይኑረው፣ አንድ ቀን ከአስተማሪ ጋር ቁጭ ብሎ ይህን ነገር ማቆምን፣ ወደ ኋላ መንዳትን፣ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማ የት እንደሚያልፍ ማወቅን ያሳይ። አንድ ቀን ከአንድ ሰው ሕይወት አይበልጥም።

ለዚህም ነው የአውሮፓ ኅብረት በ2025 ያጸደቀውን አዲሱን የመንጃ ፈቃድ ሕግ የምንደግፈው። ሕጉ ተራው ፈቃድ ያለው ሰው እስከ 4,250 ኪሎ የሚደርስ ካምፐር እንዲነዳ በር ይከፍታል፤ ግን ተጨማሪ ሥልጠና ወይም ፈተና እንዲወስድ ያዛል። አባል አገራት በየሕጋቸው እንዲያካትቱት 3 ዓመት ተሰጥቷቸዋል። ጥሩ ስምምነት ነው፤ ክብደት ጨምረህ ልትነዳ ከፈለግህ ዕውቀት ጨምር ይላል። የእኛን እንግዳ ግን አያድነውም። እሱ 4,250ን የሚያልፈው ሻንጣው ሳይጫን ነው።

ለምን ተሠራ? ለማን ተሠራ?

ነገሩን ሚዛናዊ እናድርገው። ትራክ ካምፐር በአገሩ ሞኝነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ ብቻውን 245 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ አንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሕዝብ መሬት ይጠብቃል። ይህ ወደ አገራችን ስፋት የሚጠጋ ነው! አብዛኛው ላይ እስከ 14 ቀን ድረስ በነጻ መስፈር ይቻላል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ጠጠር፣ አሸዋና ድንጋይ ነው። ለዚያ አገር በአራት ጎማ የሚጎትት፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ውሃ የያዘ ቤት ትክክለኛ መልስ ነው።

አውሮፓ ግን ያንን ጥያቄ አልጠየቀም። በአብዛኛው አገር በመኪና እንደልብ ጫካ ገብቶ መስፈር ክልክል ነው። ስዊድን ውስጥ እንኳን፣ ማንም ሰው ተፈጥሮን በነጻ የመጠቀም መብት አለው በሚባልበት አገር፣ መብቱ ለእግረኛና ለድንኳን እንጂ ከመንገድ ወጥቶ ለሚሄድ መኪና አይሠራም። ስለዚህ ያ ሁሉ ጉልበት፣ ያ ሁሉ ከፍታ፣ ያ ሁሉ ጎማ ከአስፋልት ወደ ካምፕ፣ ከካምፕ ወደ አስፋልት ይመላለሳል። ለካምፑ ደግሞ መብራቱ 230 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው ቤት 120 ለምዷል። የጋዝ ጠርሙሱም አንገቱ አይገጥምም። ለዝሆን የተሠራ ኮርቻ አህያ ላይ ቢጭኑት ኮርቻው ጥፋት የለበትም፤ አህያዋም የለባትም።

የሚከራከሩን

"የመኪና ነጻነት ነው" የሚሉን አሉ። ነጻነት እንወዳለን፤ ነገር ግን መንገድ የጋራ ነው። የአንዱ ነጻነት ሌላው ግድግዳ ሥር ተጣብቆ እንዲቆም ካስገደደ ስሙ ሌላ ነው።

"የኤሌክትሪክ መኪኖችስ ከብደው የለም ወይ?" የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ከብደዋል። ፓሪስ በዚህ ጉዳይ ላይ በፌብሩወሪ 2024 ሕዝብ አስመርጣ የከባድ መኪኖችን የማቆሚያ ዋጋ በሦስት እጥፍ አሳድጋለች። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለከተማዋ ነዋሪ ላልሆነ ሰው መሃል ከተማ በሰዓት 18 ዩሮ ነው። ኤሌክትሪክ መኪናም ከ2 ቶን ከበለጠ አላመለጠም። መምረጥ ከሚችሉት 100 ሰዎች ድምፅ የሰጡት 6 ያህሉ ብቻ መሆናቸው ያሳዝናል፤ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። የጋራ ቦታ አብዝቶ የሚይዝ አብዝቶ ይክፈል።

"አደጋ ያደረሱት ስንቶቹ ናቸው? በጣት የሚቆጠሩ መኪኖች ላይ ለምን ይህ ሁሉ?" የሚለው ግን ከሁሉም የከበደ ክርክር ነው። እውነት ነው፤ ባለ ስድስት ቶን ትራክ ካምፐር በአውሮፓ መንገድ ላይ ብርቅ ነው፤ ብዙዎቹ ባለቤቶችም ቀስ ብለው የሚነዱ ጨዋዎች ናቸው። እኛም ስለ እነሱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አንጽፍም ነበር። የሚያሳስበን እነሱ ያለፉበት በር ለሌሎቹ ሰፍቶ እንዳይቀር ነው።

በሩ እየተንኳኳ ነው

ይህን የምንለው በኦገስት 2025 አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ባወጡት የንግድ የጋራ መግለጫ ምክንያት ነው። እዚያ ውስጥ በቀረጥና በጋዝ መካከል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን የመኪና መመዘኛ ለመቀበል እንዳሰቡ ትናገራለች። አጭር ናት፤ ትርጉሟ ግን ረጅም ነው። አሜሪካ ውስጥ አምራቹ ራሱ "መኪናዬ ሕጉን ያሟላል" ብሎ ያረጋግጣል። አውሮፓ ውስጥ ግን መኪናው ከመሸጡ በፊት የመንግሥት አካል አይቶ ይፈቅዳል። የአውሮፓው ሕግ ቀላል መኪኖችን የእግረኛ ጭንቅላት ኮፈናቸው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ይፈትናል። ከባዶቹ ደግሞ በጎናቸው ያለውን ሳይክለኛ ለሹፌሩ የሚጠቁም መሣሪያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። በአሜሪካ የእግረኛው ፈተና በ2024 ገና ረቂቅ ሆኖ ነበር የቀረበው።

ይህ የወረቀት ጭቅጭቅ አይደለም። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት ኮፈናቸው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ያለ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው፣ ኮፈናቸው ዝቅና ዘንበል ካለው ይልቅ 45 በመቶ ያህል ይበልጣል። ልብ በሉ፤ ይህን የሚሉት አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው። ለማየት ጥናትም አያስፈልግም። ግዙፉ ፒክአፕ ፊት አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ቢቆም ሹፌሩ ልጁንም ቦርሳውንም አያይም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? እኛ አራት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ አውሮፓ የእግረኛ ፈተናውን ለንግድ ስምምነት ብሎ አይሽጠው። ሁለተኛ፣ 3.5 ቶን የሚለው መስመር የዕውቀት መስመር ሆኖ ይቆይ፤ ከዚያ በላይ የሚነዳ ሁሉ ይፈተን፣ የድሮ ወረቀት የያዘውም ጭምር። ሦስተኛ፣ ካምፐር ሁሉ ከነጓዙ ይመዘን፤ ሊብሬው ላይ በተጻፈው ክብደትና ሚዛኑ ላይ በሚታየው መካከል ስንት ጣሳ ቢራ እንደሚገባ ባለቤቱ ራሱ ይገረማል። አራተኛ፣ መንደሮች በራሳቸው ልክ ምልክት የመትከል መብታቸው ይከበር፤ ከመንደሩ ዳር ደግሞ ለትልቁ እንግዳ ማቆሚያና ውሃ ይዘጋጅለት። ሰው እንግዳ ሲቀበል ግቢውን ያሳየዋል እንጂ ግድግዳውን አያፈርስለትም።

ትራክ ካምፐር ላላችሁ ወዳጆች ደግሞ አንድ ምክር አለን። የራሳችሁ መኪና ብልሃቱን ይዞታል። አራቱን እግሮች ዘርጉ፣ ቤቱን ካምፑ ላይ አውርዱ፣ ስፖኪዮውን እጠፉ፤ መንደሩን በእግራችሁ እዩት። ቡናውም በእግር ለመጣ ሰው ይበልጥ ይጣፍጣል።

ሐሳባችሁን አድርሱን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!